አይጥን ሳይገድሉ መያዝ

አንባቢዬ ሆይ! ተማሪም ይሁኑ የመንግሥት ሠራተኛ፥ በኪራይ ክፍል የሚኖሩ ከሆነ ከአይጥ ጋር መተዋወቅዎ አይቀርም። እኔ መምህር ነኝ፤ አንድ ቀን በአልጋዬ ሥር ያስቀመጥኋቸውን የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀቶች አይጥ ቆራርጣ መኝታ ሠርታባቸው አገኘሁ። ተናድጄ ከገበያ መርዝ ገዛሁና ከግድግዳው ሥር አኖርሁ። አይጢቱስ ጠፋች፤ ነገር ግን ከዐሥር ቀን በኋላ የቤቱ እመቤት ድመት ከደጃፌ ሞታ ተገኘች። እመቤቲቱ «ልጄ፥ ምን አደረግኸባት?» አሉኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የዚያን ቀን እራት በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአይጥ መርዞች ብዙዎቹ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ጥቂት ቀን እየተዳከመች ትዘዋወራለች፤ መርዙም በጉበቷ ይቀመጣል። ድመት ወይም ጉጉት ያችን አይጥ ሲበላ መርዙንም አብሮ ይበላል። ሕፃን ባለበት ቤትማ አደጋውን መናገር አያሻም።

ከዚህ በኋላ ነው ሌላ ብልኃት የፈለግሁት። የሚያስፈልገው ጥልቀቱ ከ35 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ባልዲ፥ ርዝመቱ ከባልዲው አፍ ስፋት ጥቂት የሚያጥር ባዶ የውኃ ሃይላንድ፥ አንድ ጠንካራ ሽቦ፥ አንድ ጣውላና ምስማር ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ምስማሩን በእሳት አግለው የሃይላንዱን ክዳንና ቂጥ መካከል ለመካከል ይብሱ፤ ሽቦውንም ያሳልፉበት። ቀጥሎ በባልዲው ጠርዝ ላይ ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ አበጅተው ሽቦውን ያጋድሙና ጫፎቹን ያጥፉ። የቤት አይጥ ክብደቷ 20 ግራም ያህል ስለሆነ ሃይላንዱ በጣት ሲነካ መሽከርከር አለበት፤ እምቢ ካለ ቀዳዳውን ጥቂት ያስፉ። ጣውላውን እንደ መሰላል ከወለሉ እስከ ሽቦው ጫፍ ያስደግፉ።

አይጥ ከአይብ ይልቅ እህልና ቅባት ትወዳለች። ስለዚህ ጥቂት ጭኮ ወይም የለውዝ ቅቤ በሃይላንዱ ወገብ ዙሪያውን እኩል ይቀቡ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ክብደቱ ወደ ታች ያዞረዋል። በባልዲው ውስጥ ውኃ አያድርጉ፤ የተቀዳደደ ወረቀትና ጥቂት እህል ይጨምሩበት። አይጥ ግድግዳ ለግድግዳ መሄድ ስለምትወድ ወጥመዱን በዚያው ያኑሩት። ቅባቱን ለመላስ ሃይላንዱን ስትረግጥ ይዞርና ከባልዲው ትወድቃለች። ትልቁን አይጥ ግን ይህ ወጥመድ አይበቃውም፤ ዘልሎ ይወጣል።

ማለዳ ማለዳ መመልከትን አይርሱ። የታሰረች አይጥ በረኃብ፥ በጥማትና በብርድ ቶሎ ትሞታለች፤ እንዲህ ከሆነ ከመርዙ በምን ተሻለ? በባዶ እጅ አይንኳት፤ ባልዲውን ይዘው ከቤት ርቆ ቁጥቋጦ ባለበት ስፍራ ያጋድሙት፤ ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

እውነቱን ለመናገር ግን ቤት የለመደች አይጥ በሜዳ ብዙ ላትቆይ ትችላለች። ደግሞም አንዲት አይጥ በ20 ቀን ያህል እርግዝና አምስት ስድስት ልጆች ትወልዳለችና በማጥመድ ብቻ አትዘልቁም። ዋናው ርኅራኄ እንዳትገባ መከልከል ነው። እርሳስ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አይጥንም ያሳልፋል፤ እንዲህ ያለውን ሁሉ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቀው በሲሚንቶ ይምረጉ። እህልዎንም በጣሳ ይክደኑ።

እኔ ሦስት ሌሊት ምንም አልያዝሁም። በአራተኛው ማለዳ ግን ከባልዲው ውስጥ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች ተመለከቱኝ። እመቤቲቱን ጠርቼ ባሳየኋቸው ጊዜ «ምነው ይህን ቀደም ብለህ ባሰብኸው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እርስዎ ግን፥ አንባቢዬ፥ ገና ጊዜ አለዎት።