አክስቶች ካሜራ ሲጠፋ የሚናገሩት

እንዲህ ያለ ነገር ከቀረጻ ቦታ ውጭ አይወራም፤ ግን ልንገራችሁ። በአቃቂ ቃሊቲ ስለ አክስቶቻችን በምንሠራቸው አጫጭር ፊልሞች ላይ ድምፅ የምቀዳው እኔ ነኝ። ዋናው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እናንተ የምታዩት ፊልም ውስጥ የለም።

አክስት ሳሎን ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ባሏ ወይም ወንድሟ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ያዳምጣል። «ትዳር እንዴት ነበር?» ስትባል «ተመስገን፣ ደህና ነበር» ትላለች። ዳይሬክተሩ «ካት» ይላል፣ ሁሉም ይነሳል። ደረቷ ላይ የሰካሁት ማይክ ግን ገና አልወረደም። ጓዳ ገብታ ቡናውን እየቆላች ለጎረቤቷ የምትለው ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፦ «ደመወዝ ቀን ባሌ ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ፖስታውን ሳልከፍተው ነው የሚቀበለኝ።»

አቃቂ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያለበት ሰፈር ነው፤ ደመወዝተኛ አክስት እዚህ ብርቅ አይደለችም። ሕጉ ግን ከባልየው ጋር ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር፤ ሚስቱ ከቤት ውጭ እንዳትሠራ መከልከልም ይችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው፣ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜም ከ15 ወደ 18 ዓመት ከፍ አደረገ። እነዚህ ሴቶች በሁለቱም ዘመን ኖረዋል። ሰው ፊት ሲናገሩ ግን አሁንም በፊተኛው ልማድ ነው።

ዝምታው የአቃቂ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፊልም ሠሪዋ ታማራ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ2020 «ፋይንዲንግ ሳሊ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም የሠራችው የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ገብታ በአብዮቱ ዘመን ስለጠፋችው አክስቷ ስለ ሳሊ ነው። እንዲህ ያለች አክስት እንደነበረቻት የሰማችው ራሷ ካደገች በኋላ ነበር። የሳሊን እህቶች ፊት ለፊት አስቀምጣ ስትጠይቅ የቤተሰቡ የቆየ ሐዘን ወጣ። ፊልሙ አጭር አይደለም፤ ትዕግሥቱን ግን ለአጭሩም እመኝለታለሁ።

እኛ ቀስ በቀስ የለመድነው አለ። ወንዶቹን በትሕትና ከክፍሉ እናስወጣለን። መብራቱን እንቀንሳለን። የቃሊቲ መንገድ የከባድ መኪና ጩኸት ድምፁን ቢያበላሸውም ጓዳ ውስጥ እንቀዳለን፤ ወሬው ያለው እዚያ ነውና። «እትዬ፣ እርስዎ ይሥሩ፣ እኛ እንጠብቃለን» ስንላቸው እጃቸው ሥራ ይይዛል፣ አፋቸው ይፈታል።

ያቺን የፖስታ ወሬ ግን ፊልሙ ውስጥ አላስገባናትም። አክስቲቱ ሳታውቅ የተቀዳች ናት፤ እሷም ማታ የምትገባው ያው ባሏ ቤት ነው። አሁን ካሜራ የምታነሱ ልጆች፣ አደራ፦ ፊልሙ ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ለአክስታችሁ ብቻዋን አሳዩአት። «ይቺን አውጡልኝ» ካለች አውጡላት።