የዕጣን ዛፍ ተከላ ንድፍ፦ ከችግኝ ርቀት በፊት



በእኛ ደጋ ዛፍ መትከል ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ባሕር ዛፍ ነው። ገመድ ይዘረጋል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ችግኙ በረድፍ ይገባል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቆረጣል። የዕጣን ዛፍ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ በዚህ ስሌት አይተከልም። ባሕር ዛፍ ወድቆ ይሸጣል፤ የዕጣን ዛፍ ግን የሚጠቅመው ቆሞ ነው። ስለዚህ ንድፉ ከዛፎቹ ቁጥር ባሻገር የሚያደሟቸውን ሠራተኞች ምልልስና የዛፎቹን ዕረፍት ጭምር መያዝ ይኖርበታል።

መጀመሪያ ቦታውን እንይ። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ይህ ዛፍ ግን በአብዛኛው ከ1,800 ሜትር በታች የሚኖር የቆላ ዛፍ ነው። ለእኛ ቅርቡ ከደጀን ቁልቁል የሚወረድበት የዓባይ ሸለቆ ነው። ዛፉ በስስ አፈርና በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ስለሚታይ «ለእህል ያልሆነውን መሬት ስጡት» የሚሉ አሉ። በድንጋይ ላይ መኖር መቻሉ ግን ድንጋይን መምረጡን አያስረዳም።

የመትከሉ ጉዳይ አጣዳፊ የሆነው የተፈጥሮው ደን ራሱን መተካት ስላቆመ ነው። በመተማ የግንድ ቀለበት በመቁጠር ተጠንቶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ተተኪ ዛፎች ሊያድጉ አለመቻላቸውን አሳይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ሁኔታው ካልተለወጠ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ቡቃያውን ከብት ይበላዋል፤ የተረፈውን እሳት ይጨርሰዋል።

እንግዲህ ወደ ርቀቱ። በ4 ሜትር በ4 ሜትር ቢተከል ሄክታሩ 625 ዛፍ ይይዛል፤ በ5 በ5 400፣ በ6 በ6 ደግሞ 277 ገደማ። እኔ 5 ሜትሩን እመርጣለሁ፤ ጉድለቱን መተካት የተጠጋጋውን ከማሳሳት ይቀላልና። በተዳፋት ላይ ረድፉ የመሬቱን እኩል ከፍታ መስመር ይከተል፤ የአንዱ ረድፍ ጉድጓድ በላይኛው ረድፍ ሁለት ጉድጓዶች መካከል ይዋል። እንዲህ ሲሆን ወራጁ ውኃ ቀጥ ያለ መውረጃ አያገኝም። ዛፎቹ በበጋ በየጊዜው እየተፋቁ ስለሚደሙ፣ ሠራተኛው ቁልቁለቱን ሳይወጣና ሳይወርድ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንዲያልፍ የእግር መንገዱም በዚሁ መስመር ይቀየስ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዘር ዛፍ ነው። በኤርትራ የተደረገና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በብርቱ ከሚደሙ ዛፎች የተገኘ ዘር የመብቀል አቅሙ ከ16 በመቶ በታች ሲሆን፣ ካልተነኩት የተገኘው ከ80 በመቶ በላይ እንደሆነ አረጋግጧል። ስለዚህ ከንድፉ አንድ ክፍል ፈጽሞ እንዳይደማ ተብሎ በካርታው ላይ ይከለል። በቁርጥራጭ ግንድ የሚተከል ከሆነም ቁርጥራጩ ከብዙ እናት ዛፎች ይሰብሰብ።

የቀረውን መሬት በአራት ከፍሎ በየተራ አንዱን ማሳረፍ ይቻላል። ተከላውም በአንድ ክረምት አይለቅ። ሃያ ሄክታር ያለው ማኅበር በየአምስት ዓመቱ አራት አራት ሄክታር ቢተክል፣ የመጨረሻው ክፍል ሲተከል የመጀመሪያው የሃያ ዓመት ዛፍ ይሆናል። እኩያ ዛፎች ብቻ የሞሉበት ማሳ የዛሬውን የመተማን ችግር ወደ ልጆቻችን ዘመን ያሻግራል።

እስከዚያ ድረስ ገበሬው ምን ይብላ? ለከብት የተዘጋው ክልል ሣር ይሰጣል፤ ሣሩ ታጭዶ ይወጣል፣ መታጨዱም የሰደድ እሳቱን መኖ ይቀንሳል። የዕጣን ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ስለሚያብብ ቀፎም ከጎኑ ይቀመጣል። በዚህ ምክንያት የንቡ ስፍራና የሣሩ ማውጫ በር ችግኙ ከመተከሉ በፊት በንድፉ ላይ ይመልከቱ፤ ሣሩን ማን እንደሚያጭድም በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።