ማሪያ ካላስ፦ የተወራባትና የሠራችው

ስለ ኦፔራ ዘፋኟ ሶፕራኖ ማሪያ ካላስ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ከድምጿ ይልቅ አመሏን ነው። ለዚህም የሮሙ ምሽት ይጠቀሳል። ጃንዋሪ 2 ቀን 1958 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጣሊያኑ ፕሬዚዳንት ጆቫኒ ግሮንኪ በተገኙበት የቤሊኒን ኦፔራ «ኖርማ» ጀምራ፣ ከመጀመሪያው ገቢር በኋላ ወደ መድረክ አልተመለሰችም። «ፕሬዚዳንቱን ናቀች» ተባለ፤ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። እሷ ግን ታማ ነበር። መታመሟን ቀድማ ብትናገርም ተተኪ ዘፋኝ አልተዘጋጀም። ኋላ ኦፔራ ቤቱን ከሳ ረታች። ሐሜቱ የሄደበትን ያህል ግን ፍርዱ አልተሰማም፤ ይህ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ከዚያ በፊት በ1957 ኤደንብራ ላይ «ጥላ ሄደች» መባሏም እንዲሁ ነው። የተዋዋለችው ለ4 ትርኢት ነበር፤ 4ቱንም ዘፈነች። አምስተኛውን ያለ እሷ ፈቃድ የጨመረው የሚላኑ ኦፔራ ቤት ላ ስካላ ነው።

ግሪክ ተወለደች የሚሉም አሉ። ከግሪካውያን ወላጆች የተወለደችው በ1923 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው፤ አቴንስ የሄደችው በ1937 ነው።

«ተፈጥሮ የሰጣት ናት፣ አልለፋችበትም» የሚለው ግን ከሁሉ የራቀ ነው። በ1949 ቬኒስ ውስጥ የዋግነርን ከባድ ሚና ብሩንሂልደን እየዘፈነች ሳለ በ«ኢ ፑሪታኒ» ኦፔራ ኤልቪራን ልትጫወት የነበረችው ዘፋኝ ታመመችና፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚናውን አጥንታ ተጫወተች። አንደኛው ሚና ጉልበት ይጠይቃል፤ ሌላው ቅልጥፍናና ረቂቅ ጌጥ። ሁለቱን ባንድ ሰሞን መዝፈን እንደ ተአምር ታየ። ነገር ግን ከጀርባው ልፋት ነበረ፤ አቴንስ ሳለች መምህሯ ኤልቪራ ደ ኢዳልጎ ጋ ማልዳ እየገባች፣ የሌሎቹን ተማሪዎች ትምህርት ሳይቀር እስከ ማታ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ዓይኗም ከሩቅ አያይም ነበር። መድረክ ላይ ያለ መነጽር የኦርኬስትራውን መሪ በወጉ ስለማታየው፣ ሙዚቃውን ሁሉ በቃሏ ይዛ በጆሮዋ ትከተል ነበር።

በ1953ና 54 ከ30 ኪሎ በላይ ስትቀንስ «የኮሶ ትል ሆን ብላ ዋጠች» ተባለ። ለዚህ ማስረጃ የቀረበ የለም። ኋላ ድምጿን ያበላሸው መክሳቷ ነው ወይ በሚለው ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም፤ ከከሳች በኋላ ግን በ1955 ላ ስካላ ላይ ስመ ጥሩን «ላ ትራቪያታ» ተጫውታለች።

ለግሪካዊው የመርከብ ባለሀብት አርስቶትል ኦናሲስ ስትል ዘፈን ተወች መባሉስ? ፍቅራቸው የጀመረው በ1959 ነው፤ የድምጿ መንቀጥቀጥ ግን ከዚያ በፊት ይሰማ ነበር። እንዲያም ሆኖ እስከ 1965 በኦፔራ መድረክ ቆይታለች፤ የመጨረሻዋ ለንደን ውስጥ የዘፈነችው «ቶስካ» ነው። ኦናሲስ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሚስት የነበረችውን ጃክሊን ኬኔዲን ያገባው ከዚያ 3 ዓመት በኋላ ነው። በ1971ና 72 ዓለም ስለ ተሰበረ ልቧ ሲያወራ፣ እሷ ኒው ዮርክ በጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ከወጣት ዘፋኞች ጋር ቆማ፣ አንዷን ሐረግ ደግማ ደጋግማ ታስተምር ነበር።