ከኤምፊዚማ ጋር መኖር፦ የታካሚዎች ትምህርት

ኤምፊዚማ በሳንባ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ግድግዳ እየፈረሰ የሚሄድበት ሥር የሰደደ ሕመም ነው። ግድግዳው ሲፈርስ ኦክስጅን ወደ ደም የሚያልፍበት ስፍራ ይቀንሳል፤ ሳንባውም እንደ ላላ ላስቲክ መሰብሰብ ያቅተዋል። ስለዚህ ሕመምተኛውን ይበልጥ የሚያስቸግረው አየር ማስወጣቱ ነው። የፈረሰው ተመልሶ አይጠገንም። ይህ ለታካሚው ሳይሸሸግ ሊነገረው ይገባል፤ የትንፋሽ ማጠሩን ማቅለል ግን ይቻላል።

ዋናው መንስኤ ሲጋራ ነው። ማቆም በየትኛውም ዕድሜ የሳንባውን መድከም ያዘገያል። በኢትዮጵያ ግን ሲጋራ በአፋቸው ሳይዞር፣ በማገዶና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶችም ሥር በሰደደ የሳንባ ሕመም ይያዛሉ። ለእነሱ ትምህርቱ ስለ ምድጃው፣ ስለ ጭስ መውጫው፣ ስለ ከሰሉና ስለ ዕጣኑ ካላነሳ ከንቱ ነው።

ትንፋሽን የመግራት ስልት በቃል ብቻ አይያዝም። ታካሚው ትከሻውን አላልቶ ሁለት እስኪቆጠር በአፍንጫው ይስባል፤ ከዚያ ለማፏጨት እንደሚደረገው ከንፈሩን አሹሎ አራት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ያስወጣል። ይህ የአየር ቧንቧዎቹ ቶሎ እንዳይከደኑ ይረዳል። ደረጃ ሲወጣም ሆነ ዕቃ ሲያነሳ ጉልበት የሚጠይቀውን ክፍል በሚያስወጣበት ጊዜ ቢያደርገው ይቀለዋል።

እየተጫነ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አወሳሰድም እንዲሁ በቃል ብቻ አይያዝም። ብዙዎች ከመሳባቸው በፊት ይጫኑትና መድኃኒቱ አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ መነቅነቅ፣ አየር ማስወጣት፣ በከንፈር አጥብቆ መያዝ፣ በዝግታ መሳብ እንደጀመሩ መጫን፣ ከዚያም እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ ነው። ነርሷ «ገብቶዎታል?» ብላ ከምታልፍ «እስቲ ያሳዩኝ» ብትል ስህተቱ እዚያው ይታያል፤ ማሳየቱም በየቀጠሮው መደገም አለበት።

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መቀመጥን ይመርጣል፤ ጡንቻው ሲደክም ግን ጥቂት እርምጃም ያስለከልከዋል። በባለሙያ ክትትል ለሳምንታት የሚሰጥ የአካል እንቅስቃሴ ሥልጠና የመራመድ አቅምን ያሻሽላል።

በ1980 እና በ1981 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች፣ የደም ኦክስጅናቸው እጅግ ያነሰ ታካሚዎች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ሲወስዱ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይተዋል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ሲጋራ፣ ሻማና የቡና ከሰል ክልክል ነው፤ መጠኑንም ያለ ሐኪም ፈቃድ መጨመር አደገኛ ነው።

ቤተሰቡ የመባባስ ምልክቶችንም ይማራል፦ አክታ ሲበዛ ወይም ቀለሙ ሲለወጥ፣ የትንፋሽ ማጠሩ ከወትሮው ሲብስ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ፤ ከንፈር ሲጠቁር ወይም ታካሚው ሲደናገር ሳይዘገዩ ድንገተኛ ክፍል ማድረስ።