ቦይለር ለማንኩሽ?

መቼም የዘንድሮ ሠርግ ጉድ ነው! ድሮ «አልጋና ቁም ሳጥን አለው ወይ?» ነበር የሚባለው። ዛሬ «ቦይለር አለው ወይ?» ሆኗል። በቅርቡ ሁለት የማውቃቸው ልጆች በዚሁ በቦይለር የተነሳ ቀለበት ሊመላለሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ቦይለሩ የት ሊገጠም እንደታሰበ ብነግራችሁ ደግሞ ትስቃላችሁ… ማንኩሽ!

ማንኩሽን ለማታውቁ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ውስጥ ያለች የጉባ ወረዳ ከተማ ናት። ጉባ ካልኩ ደግሞ የህዳሴውን ግድብ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። አገሩ ቆላ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ይነካል። እዚያ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሮቶ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢከፈት የሚወርደው ውሃ ለሻይ ትንሽ ነው የሚቀረው! ሰዉ የሚታጠበው ውሃው እስኪበርድለት ጠብቆ ነው።

ልጁ የሚሠራው እዚያ ነው። ሁለት ክፍል ከነመታጠቢያዋ ቀልሶ ሙሽራዋን ይጠብቃል። ልጅቷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ከሠርጉ በኋላ ማንኩሽ ልትኖርለት ተስማምታለች፤ ይሄ በራሱ ቀላል ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ታዲያ የዕቃው ዝርዝር ሲጻፍ አክስቷ «ባለ 80 ሊትር ቦይለር» አስገቡበት። ልጁ ስልክ ላይ ሲሰማ ሳቀ። ጣጣውን ያመጣው ሳቁ ነው። «ገና ሳይወስዳት ይስቅብናል እንዴ?» ተባለ። አክስትየዋማ ባሰባቸው፤ «ጓሮው 5,150 ሜጋ ዋት ተገትሮለት ለልጄ ሙቅ ውሃ የሚሰስት፣ ነገ ምን ሊሰስትባት ነው?» አሉ። እኔ የሁለቱም ጓደኛ ነኝና «በል አንተ ፍረድ» ተባልኩ።

እንግዲህ የግድቡን ነገር እናስቀድም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፣ እሰየው! ግን የመብራት ታሪፍ በአገር አንድ ነው። ለግድቡ ጎረቤት ነኝ ብሎ ቅናሽ የሚያገኝ የለም። ቆጣሪ ዘመድ አያውቅም። በዚያ ላይ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። በደረጃ ስለሆነም ብዙ የሚያበራ ሰው የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይወደድበታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከትምህርት ቤት ፊዚክስ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው ነገር ይህች ብቻ ናት፤ አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ይፈልጋል። 80 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ 60 ይግባ ብትሉ ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ባለ 10 ዋት አምፖል በዚህ ጉልበት 400 ሰዓት ይበራል። በየማታው 5 ሰዓት ብታበሩት ሰማንያ ቀን ማለት ነው! እኛ ግን አምፖሉን «አጥፋ! አጥፋ!» እያልን እንጨቃጨቃለን፣ ቦይለሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቀይ መብራቱን አብርቶ ይተኛል። ሲበርድ እንደገና ያሞቃል፣ ሲበርድ እንደገና…

ስለዚህ ፈረድኩ፤ ማንኩሽ ቦይለር አያስፈልግም። ፀሐይዋ በነፃ የምትሠራውን ሥራ ለቆጣሪ ከፍሎ ማሠራት ነው። ገንዘቡ ለሁለት ሮቶ ይዋል። አንዱ ፀሐይ ላይ ይውጣ፣ ለዕቃና ለልብስ ማጠቢያ። ሁለተኛው ጥላ ስር፣ ከላዩ ቆርቆሮ ተደርጎለት፣ ለገላ። ቧንቧውም ቢሆን በግድግዳው ላይ ተዘርግቶ በፀሐይ ከሚጠበስ መሬት ውስጥ ቢቀበር ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ይመጣል። ሮቶ ደግሞ ይታጠባል እንጂ ዕድሜ ልኩን ተሞልቶ አይኖርም። ለብ ያለ ውሃ ለጀርም የተመቸ መኝታ ነው።

ልጅቷ ወዲያው ገባት። አክስትየዋ ግን «ለእንግዳ የሚታይ ነገር ይኑር» አሉ። እኔም ጥሩ ነገር ጠቆምኳቸው፤ ባለ ሁለት ቁልፍ ሽንት ቤት! አትሳቁ። ይህች ነገር አውስትራሊያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ውስጥ የተስፋፋች ናት፤ ውሃ የሚያጥረው አገር ነዋ። ትንሿ ቁልፍ 3 ሊትር ገደማ፣ ትልቋ 6 ሊትር ትለቃለች። የድሮው ዓይነት ግን በአንድ ጊዜ 9፣ አንዳንዱ 13 ሊትር ይደፋል። 13 ሊትር ማለት ከግማሽ ጀሪካን በላይ ነው፤ ለአንዲት ሽንት! ጀሪካን ተሸክማችሁ ደረጃ የወጣችሁ ልጆች ነገሩ ይገባችኋል።

የሻወሩ ነገር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮው የሻወር ራስ በደቂቃ እስከ 15 ሊትር ያወርዳል። አዲሶቹ አየር እየቀላቀሉ ወይም ቀዳዳቸውን አጥብበው በ6 እና በ9 ሊትር መካከል ያደርጉታል፣ ገላችሁ ልዩነቱን አያውቅም። ለ10 ደቂቃ የሚዘፍን ሰው በአሮጌው 150 ሊትር ጨረሰ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ውስጥ በ2018 እ.ኤ.አ. ድርቁ ሲጠና ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ነበር የተፈቀደው፣ ለመጠጡም ለማብሰያውም ለመታጠቢያውም። አንድ ዘፈን የሦስት ቀን ራሽን በላ!

ታዲያ ጥንቃቄው ምንድነው? ውሃ ቆጣቢ የተባለው ራስ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጥሩ ግፊት ሲያገኝ ነው። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል። የማንኩሹ ልጅ ሮቶ ከራሱ በላይ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው፤ ያ ሩብ ባር ነው። ሳያውቅ የከፍተኛ ግፊቱን ዓይነት ቢገዛ ሙሽሪት በጠብታ ልትታጠብ ነው! ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ለዝቅተኛ ግፊት ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ ሌላ ሱቅ አለ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ ፍርዱ ይለያል። እዚህ ያለው ብርድ ቀልድ አያውቅም፣ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። ግን ከቦይለር ሌላ መንገድ አለ። የራሱ ጣሪያ ላለው የፀሐይ ማሞቂያ አንደኛ ነው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ውስጥ ክላረንስ ኬምፕ የሚባል ሰው ጥቁር ጋን መስተዋት ባለው ሣጥን ውስጥ ከቶ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1891 እ.ኤ.አ. ነው። እስራኤል ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ የሚሠራ መኖሪያ ቤት የፀሐይ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ አዘዘች። የዛሬዎቹ የመስተዋት ቱቦዎች ውስጣቸው አየር የለውም፣ እንደ ፔርሙስ ሙቀቱን ይይዙታል። ክረምት ላይ ሐምሌና ነሐሴ ሲጨፈግግ አብሯቸው ያለው ኤሌክትሪክ ያግዛል። ሰሞኑን ደግሞ ሂት ፓምፕ የሚሉት እየመጣ ነው፤ እንደ ፍሪጅ ነው፣ ሥራው ግን በተቃራኒው ነው። ከአየሩ ሙቀት ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ይከታል፣ የመብራት ፍጆታውም ከተራው ቦይለር ሲሶ ያህል ነው። ዋጋው ግን… እሱን ተዉት፣ ለጊዜው የባለፎቅ ነው።

ተከራይ የሆንን ምን እናድርግ? ጣሪያው የእኛ አይደለም። ቦይለሩን ገላ ከመታጠባችን ቀደም ብለን አብርተን፣ ስንጨርስ እናጥፋው። ሙቀቱ 60 ላይ ይሁን፤ ከዚያ በታች ለጀርም ይመቻል፣ በላይ ደግሞ ለማቃጠል ነው። ቤት የምታሠሩ ካላችሁ ቦይለሩ ከሻወሩ አጠገብ ይሰቀል። 15 ሜትር ርቆ ከሆነ ሙቁ እስኪደርስ ወደ 3 ሊትር ውሃ ዝም ብሎ ይፈሳል፤ በየቀኑ፣ በየሰዉ። በሰከንድ አንዴ የምትንጠባጠብ ቧንቧም በቀን አንድ ጀሪካን ትጨርሳለች። ጎማዋን መቀየር ነው፣ የባለሙያ ጉዳይ እንኳ አይደለም። አሮጌ ሽንት ቤት ያላችሁ ደግሞ ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁና ክዳኑን አጥብቃችሁ ማጠራቀሚያው ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። በእያንዳንዱ ልቀት ያን ያህል ውሃ ይተርፋል። ተንሳፋፊውን ግን እንዳይነካባችሁ።

አንዲት ነገር ልጨምር፤ ባለፈው ለአክስትየዋም ነግሬያቸው በጣም ወደዱልኝ። ቀይ ሥር የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጨምሩት፣ ግማሽ ሰዓት ማንም አይንካው። ከዚያ መቀመጫው ውስጥ ያለውን ውሃ እዩት። ሮዝ ከሆነ ውስጥ ያለው ጎማ አልቋል፣ ውሃው ሌት ተቀን ሳይሰማ እየፈሰሰ ነው።