ወረርሽኝና የነርሲንግ ትምህርት፦ ከዋርድ የራቁት ወራት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ የሰየመው፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተወለደችበትን 200ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ነበር። በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች እንዳሉ፣ 5.9 ሚሊዮን ደግሞ እንደሚጎድሉ አስታወቀ። ያን ጉድለት ይሞላሉ የተባሉት ተማሪዎች በዚያው ሰሞን ከየትምህርት ቤታቸው ወደ ቤት እየተሸኙ ነበር።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤተሰባቸው ተመለሱ። ትምህርቱ በቴሌግራም ይላክ ተባለ። ዘመናዊ ስልክና ዳታ መግዣ ያለው ተከታተለ፤ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ መውጣት የነበረበት የገጠር ልጅ ግን ከጓደኞቹ ወደኋላ ቀረ። ይህ ከባድ በደል ነው፤ ቢሆንም በማካካሻ ክፍለ ጊዜ ሊጠገን ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የተግባር ልምምዱ ነው።

ካኑላ ማስገባትን እንውሰድ። ቅደም ተከተሉን ከስልክ ማንበብ ይቻላል፤ ክንዱን ማሰር፣ ደም ሥሩን መፈለግ፣ በአልኮል መጥረግ፣ ቆዳውን ወጠር አድርጎ መርፌውን አጋድሞ ማስገባት። ፈሳሽ ያለቀባቸው አዛውንት ክንድ ላይ ግን ደም ሥሩ ከጣት ሥር ይሸሻል፤ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ አስታማሚዋ ከራስጌ ሆና ትቆጣለች። ያኔ «አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብሎ ማረጋጋትና እጅ ሳይንቀጠቀጥ እንደገና መሞከር የሚለመደው ዋርድ ውስጥ ብቻ ነው።

በአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጥናት፣ ጥሩ ሲሙሌሽን የክሊኒክ ሰዓትን እስከ ግማሽ ድረስ ሊተካ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ውጤቱ የተገኘው ግን በሠለጠኑ መምህራንና በተሟላ ላብራቶሪ ነው። አንድ የመለማመጃ አሻንጉሊት ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ትምህርት ቤት ይህን ጥናት እንዳለ መጥቀስ ራስን ማታለል ነው።

ሌላው ፈተና ተማሪው በወረርሽኝ ጊዜ ምንድን ነው የሚለው ነበር። ብሪታንያ የመጨረሻ ስድስት ወራቸው ላይ የደረሱ ተማሪዎች ከፈቀዱ ደመወዝ እየተከፈላቸው በሆስፒታል እንዲያገለግሉ አደረገች። ጓንትና ማስክ ለባለሙያው እንኳ ባልበቃበት አገር ተማሪውን ከዋርድ ማራቅ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ልክ የኢንፌክሽን መከላከልን በተግባር የሚማርበት ወርቃማ ጊዜ አመለጠው። መምህራኑም ብዙዎቹ ነርሶች በመሆናቸው በሕክምናና በማስተማር መካከል ተከፋፈሉ።

ዩኒቨርሲቲዎች በ2013 ዓ.ም. ተመራቂዎችን አስቀድመው ተማሪዎችን በዙር ሲጠሩ፣ የወራት ልምምድ በሳምንታት ተጨመቀ። በትግራይ የነበሩትን ደግሞ በጥቅምት 2013 የተቀሰቀሰው ጦርነት ዳግም ከትምህርት ለያያቸው።

ጤና ሚኒስቴር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያስገባው የብቃት ምዘና ፈተና እውቀትን ይለካል፤ በጽሑፍ የሚሰጥ ፈተና ግን እጅ ምን ያህል እንደተለማመደ አያሳይም። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተመረቁትን የተቀበሉ ሆስፒታሎች አዲሱን ነርስ ለሌሊት ተረኛነት ብቻውን ከመመደባቸው በፊት፣ ለጥቂት ወራት ከአንጋፋ ነርስ ጎን እንዲሠራ ማድረግ ነበረባቸው። ወደፊት ሌላ ወረርሽኝ ትምህርት ቤት ቢያዘጋም ይኸው አሠራር በቅጥር ደንብ ውስጥ ተጽፎ ሊጠብቀን ይገባል።