ሰዓቱ ላይ 6 አትደምሩ፣ አትቀንሱም!

በንዴት ነው የምጽፈው፣ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ።

ዛሬ አንድ አዛውንት ትኬታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው «ልጄ፣ ይኼ ነገራችሁ ሸዋ በር በብርድ አቁሞ አሳደረኝ» አሉኝ። ከሐረር አዲስ አበባ፣ መነሻ ሌሊት 11፡00። ሰዓቱ ልክ ነው። አውቶቡሱ የሚነሳው ግን ኀሙስ ሲሆን ትኬቱ ረቡዕ ይላል። የትኬት ሲስተሙን የሠራሁት እኔ አይደለሁም፤ ስድቡ ግን የሚደርሰው ለጠጋኙ ነው። ኮዱን ከፈትኩት። እንደፈራሁት «ሲቀነስ 6» የምትል መስመር ተቀምጣለች። ዳታቤዙ ያስቀመጠው ኀሙስ 5፡00 ነው፤ 6 ሲቀነስ ረቡዕ 23፡00 ይሆናል። በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲታተም 11፡00፣ ከነተሳሳተው ቀኑ።

1. የሚቀመጠውና የሚታየው ይለያያሉ። መቀመጥ ያለበት ዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። እኛ ከሱ ዓመቱን ሙሉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን፤ የበጋና የክረምት የሰዓት ለውጥ የለብንም። ዞኑን አዲስ አበባ በሉትና እጃችሁን አንሱ።

2. 6 መደመርም መቀነስም በ12 ሰዓት ገጽ ላይ ያው ቁጥር ላይ ያሳርፋል። ስህተቱ ዕድሜ ያገኘው በዚህ ነው። የቀነሰው ሌሊት ላይ ቀኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። የደመረው ደግሞ ምሽት ላይ ወደ ፊት ይገፋዋል፦ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት 19፡00 ነው፣ 6 ሲደመር የነገ 1፡00።

3. ቋንቋዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። የጃቫ ሎካልታይም እኩለ ሌሊትን ሲያልፍ ዝም ብሎ ይዞራል። ጃቫስክሪፕት ቀኑንም ይዞት ይሄዳል። ፓይተን ቀን የሌለው ሰዓት ላይ ሰዓት ስትደምሩ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ሰዎችም ይሰድቡታል። ትክክሉ እሱ ነው!

4. ቁጥሩን ተዉት፣ ዋናው ንዴቴ ሌላ ነው። «የሰርቨሩን ዞን ቶኪዮ አድርጉት፣ የሐበሻ ሰዓት ይመጣላችኋል» እያሉ በየግሩፑ የሚመክሩ አሉ። ቶኪዮ ከእኛ በ6 ሰዓት ስለሚቀድም ቁጥሩ ይመጣል፣ አዎ። ከምሽቱ 12 በኋላ የተቆረጠ ደረሰኝ ሁሉ ግን የነገን ቀን ይይዛል። አንዱ ደግሞ «በሂጅራ ቀኑ ከመግሪብ አይደል የሚጀምረው?» ብሎ ተከራከረኝ። ነው። ደረሰኙ ግን በሂጅራ አይታተምም፣ መግሪብም በየቀኑ 12፡00 ላይ አይገባም።

እንዲህ ያለውን ስህተት የሚያሳልፈው ማነው? የሲስተሙ አስረካቢና ተረካቢ። የጨረታ ሰነዱ ላይ «በኢትዮጵያ ሰዓት የሚሠራ» የምትል አንድ መስመር ትገባለች፣ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ርክክቡ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ በሻይና በብስኩት ይካሄዳል። በዚያ ሰዓት ደመርክ ቀነስክ ቀኑ አይዛባም! ኮሚቴው ይፈርማል፣ ክፍያው ይለቀቃል፣ ሌሊት የሚቆመው ተሳፋሪ ነው።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው። ቀኑን አትንኩ። የሰዓቱን ቁጥር ብቻ ለብቻ አውጡ፣ 6 ደምሩበት፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ፣ ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 በሉ። 5 ገብቶ 11፣ 19 ገብቶ 1 ይወጣል። ጠዋት፣ ምሽት፣ ሌሊት የሚለውን ከዋናው ሰዓት ወስናችሁ ለጥፉ። የሌሊት ጉዞ ከሆነ ደግሞ «ረቡዕ ለኀሙስ አጥቢያ» ብላችሁ አትሙ፤ ይህን የማይረዳ ተሳፋሪ የለም።

ሲስተም ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አንድ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ የሙከራ ትኬት ቁረጡና ቀኑን አንብቡ። ከተሳሳተ ለሠራላችሁ ሰው እዚያው በሌሊት ደውሉለት።